ወጪና ገቢ

ባሕር ዳር ወደብ ጥግ፣ ደንገል ላይ አጋድመው፣
በኪሎ ሊሸጧት በዋጋ ተስማምተው፣
«እንየው፣ አንተ ነህ ጠባይዋን የምታውቅ፤
ቀለሙን ፋቅልን፣ ብረቷ ይታወቅ»
አሉና መሮና መዶሻ አስያዙኝ፤
በእጄ የቀባሁትን በእጄ ሊያስፍቁኝ።

ሃያ ሰባት ዓመት ሆዷ ውስጥ ኖሬያለሁ፤
ናፍጣዋን እንደ አየር ስስበው ከርሜያለሁ፤
እሷ ስትስል ሌሊት አብሬያት ስያለሁ።

አንደኛው ነጭ ነው፤ ይኼ የሰላም ነው፤
ለገዳም ጎብኚዎች የለበሰችው ነው።
ሁለት ጊዜ ስመታው እንደ ቅርፊት ተላጠ፤
ከሥሩ ቀይ ወጣ፤ እጄ ደነገጠ።

«ትግላችን» ነበረ የዚያን ጊዜ ስሟ፤
መንግሥት በተለወጠ ይለወጣል ቀለሟ።
ከቁንዝላ ገበያ ጎረምሳ ሲታፈስ፣
የገዛውን ጨው እንኳ ለቤቱ ሳያደርስ፣
ስልሳ የምትችለው መቶ ሃያ ጭና፣
መብራቷን አጥፍታ በጣና ላይ ቀና፣
ጎርጎራ አራግፋ ትመለስ ነበረ።
ባዶ ናት፤ ሞተሩ ግን እንደ ጭነት ቀን
ያቃስት ጀመረ።

መዝገቡን የያዘው ጸሐፊው ዘገዬ፣
በቀይ መስመር ከፍሎ ሲጽፍ አይቻለሁ ቆሜ በዓይኔ።
«ወጪ» ይላል ግራው፣ በትልቁ ርእሱ፤
«ገቢ» ይላል ቀኙ፤ አልነካውም እርሳሱ።

ወጪ፦ መቶ ሃያ።
ወጪ፦ ዘጠና ሁለት።
ወጪ፦ መቶ አርባ፣ አንድ ቁስል አሳሪ፣ በዝናብ፣ በሌሊት።
ገቢ፦

ገቢ፦

«ይኼ ሒሳብ መቼ ይዘጋል?» ብለው፣
«ወጪ ጻፍ ነው የተባልሁት» አለኝ፤
እርሳሱን ከጆሮው ሲሰካ
እጁ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሰው ይቆማል
ቁንዝላ ወደብ ላይ፤ ከይስማላ ይመጣል።
ጓንጉል ነው። ልጁን ልቅናውን የወሰዱበት ዕለት
ኮንጎ ጫማ ነበር የገዛለት።
ጫማውን በብብቱ ይዞ፣ ገመድ ስወረውር ጠብቆ፣
ከጸሐፊው የለመደውን ቃል ተውሶ፣ ድምፁን ደብቆ፣
«ገቢ አለ?» ይለኛል።
«የለም» ስለው፣ «ይሁን፤ ቅዳሜ ሩቅ አይደል» ይላል።
በሦስተኛው ዓመት ጫማውን ሸጠና
አንድ ቁጥር የሚበልጥ ገዛ፤
«ልጅ እግር ነው፣ ያድጋል» አለኝ፤
እኔ ሞተሩን አስነሣሁ፣ ወሬው እንዳይበዛ።

ቀዩን ስጨርሰው አረንጓዴ መጣ።
«ልዕልት» ይሏት ነበር ያኔ፤ በግብሩ ቁጣ፣
ገበሬው አልከፍልም ብሎ ጫካ ሲወጣ፣
ጦር ወደኛ አገር ያደረሰች እሷ ናት።
አባቴ ነው የነገረኝ፤ ከዳር ቆሞ አይቷት።
ያን ጊዜስ ገቢ ነበር፤
የመንግሥት ገቢ፣
ጠመንጃ አንግቶ
በየደጁ ገቢ።

ከአረንጓዴው በታች ግራጫ፤ የጣሊያን፤
በመኪና ቁራጭ ቁራጯን አምጥቶ የገጠማት፣
ስም እንኳ አላወጣም፤ ቁጥር ነው የጻፈባት።
ማንን እንደጫነች፣ ማንን እንደጣለች፣
የሚያውቅ ሰው ሞቷል፤ እሷም አልተናገረች።

ከግራጫው በታች ብረት ነው፤ በቃ።
ፀሐይ አርፎበት እንደ አዲስ ብልቃጥ ነቃ።
ይኼን ሁሉ ሰው ተሸክሞ
አንድ ጭረት የለበትም፤
ጭረቱ ሁሉ በቀለሙ ላይ ቀረ መሰለኝ፤ አላውቅም።

በማግስቱ ባለ ሚዛኑ በላስቲክ ጫማ መጣ፤
ቆራረጣት፤ መዘናት፤ ከኪሱ ደረሰኝ አወጣ፤
ጣቱን በምራቁ አርሶ፣ ካርቦኑን አስተካክሎ፣
ጻፈ፦
ገቢ፦ የአሮጌ ብረት ዋጋ፣ ዘጠኝ ሺሕ ከሁለት መቶ ኪሎ።

ግልባጩን ለኔ ሰጠኝ። አጥፌ ከደረቴ ከተትሁት።
በስሟ የተጻፈ ገቢ
ያየሁት ይኼን ነው፤ አንድ ሉክ ወረቀት።
ጓንጉል በሕይወት ካለ
የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው።
ነገ ደግሞ
ቅዳሜ ነው።